ለአጭር ጊዜ ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው፣ ቪዛውና ዋሱ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተሰጠ ንግግር)



በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ቪዛ ምን አገባን የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የዕድር ሥራ ድንኳን መትከል፣ ቀብር ማስፈጸምና ኀዘንተኛ ማጽናናት ነው፤ እውነት ነው። ይሁንና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ጸሐፊያችን እየመጡ የሚጠይቁ አባላት አሉ። አንዱ፣ «ልጄ ለሦስት ወር ሥራ ወደ ውጭ ሊላክ ነውና ዕድሩ ደብዳቤ ይጻፍለት» ይላል። ሌላው፣ «የጎረቤቴ ልጅ ዋስ ሁነኝ አለኝ፤ ብፈርም ምን ይመጣብኛል?» ይላል። ሦስተኛዋ እናት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አያድርገውና እዚያ ክፉ ነገር ቢያገኘው ማን ያመጣልኛል?» ይላሉ። ሦስቱም ጥያቄዎች የዕድር ጥያቄዎች ናቸው። ኮሚቴው ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጠየቀኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ የምናገረው ጠቅልሎ ስለ መሄድ አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ ስድስት ወር ሠርቶ ስለሚመለስ ሰው ነው።

ለአጭር ጊዜ ሥራ ሄደ ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው አሠሪው እዚሁ አገር ያለ፣ ደመወዙም እዚሁ የሚከፈለው ነው። ለምሳሌ አንድ የፋብሪካ መካኒክ እንውሰድ። መሥሪያ ቤቱ ከጣሊያን ወይም ከጀርመን ማሽን ገዛ፤ ሰውየው አካሄዱንና ጥገናውን አይቶ እንዲመለስ ለስምንት ሳምንት ላከው። ሁለተኛው ውጭ አገር ያለ አሠሪ ቀጥሮት ደመወዙን እዚያው የሚቀበል ነው፤ በሆቴል፣ በግንባታ፣ በእርሻ ወይም በቤት ሥራ። በሰፈር ቋንቋ ሁለቱም «ለሥራ ሄዱ» ይባላሉ። በሕግ ፊት ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ሰው ጉዳይ የሚመራው በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ይህንኑ ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው። ጉዳዩ የሚታየው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ ውሉም እዚያ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ከዚህ አዋጅ አባላት ሁሉ ቢያውቁት የምወደው ወጪውን የሚመለከተውን ክፍል ነው። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እንዲሁም የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ የክትባቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆኑ የሚሰጠውን ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ነው። እንግዲህ አንድ ደላላ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ «ለቪዛው» እያለ ብዙ ሺህ ብር ሲጠይቅ፣ በሕጉ የአሠሪው የሆነውን ዕዳ ከእናንተ ኪስ እየጠየቀ መሆኑን ዕወቁት። ወርቅ ተሸጦ፣ ቤት ተይዞ የሚከፈለው ገንዘብ እኮ አብዛኛው ይኸው ነው!

አሁን ወደ ቪዛው እንምጣ። ቪዛ ስም አለው። የጉብኝት፣ የንግድ ጉዳይ፣ የሥራ፣ የሥልጠና እየተባለ የሚለየው በከንቱ አይደለም። በማመልከቻው ላይ የተጻፈው ምክንያትና ሰውየው እዚያ ደርሶ በእጁ የሚሠራው ነገር አንድ መሆን አለባቸው።

የመካኒካችንን ነገር እንቀጥል። ጣሊያንና ጀርመን የሼንገን አገሮች ከሚባሉት 29 አገሮች መካከል ናቸው። የእነዚህ አገሮች የአጭር ጊዜ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ለመቆየት የሚሰጥ ነው። የገቡበት ቀንም የወጡበት ቀንም ይቆጠራል። ሦስት ወር ማለት 90 ቀን ነው ብሎ በግምት መሄድ አደጋ አለው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሦስት ወር 92 ቀን የሚሆንበት ጊዜ አለና። ድሮ ቀኑ የሚቆጠረው በፓስፖርት ላይ በተመታው ማኅተም ነበር። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መግቢያና መውጫውን በአሻራና በፎቶግራፍ የሚመዘግብ የኮምፒዩተር አሠራር ሥራ ጀምሯል። ኮምፒዩተር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ይህ ቪዛ መግባትንና መቆየትን ይፈቅዳል እንጂ በራሱ ሥራ መሥራትን አይፈቅድም። ሥራን የሚፈቅደው የየአገሩ የራሱ ሕግ ነው። አንዱ አገር ስብሰባንና የውል ንግግርን እንደ ሥራ አይቆጥርም፤ መፍቻ አንሥቶ ማሽን መፍታት ሲመጣ ግን ሌላ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ መካኒካችን «ለጉብኝት» ብሎ ማመልከት የለበትም። ምን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ፋብሪካ፣ ለስንት ቀን፣ በማን ወጪ የሚል ግልጽ ደብዳቤ ይዞ ኤምባሲውን ይጠይቅ። ሥራው ከ90 ቀን የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ቪዛው የዚያው አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ይሆናል፤ ለሥራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ፈቃዱን ከዚያ በኩል አስቀድሞ የሚያወጣው ጋባዡ ድርጅት ነው።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። ቢ-1 የሚባለው ቪዛ ለስብሰባ፣ ለውል ንግግርና ለመሳሰለው ጉዳይ ነው፤ ከአሜሪካ አሠሪ ደመወዝ ለመቀበል አይሆንም። ለዚያ ከሆነ አሠሪው አስቀድሞ ለአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማመልከትና ማስፈቀድ አለበት። ደግሞ ለቢ-1 የሚቀርብ ሰው አንድ ነገር አውቆ ይቅረብ፤ ሕጉ ራሱ አመልካቹን «ይህ ሰው ለመቅረት የሚሄድ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። እንደማይቀር ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ቆንሲሉ ተጠራጠረኝ ብሎ መቀየም ጥቅም የለውም።

የጉብኝት ቪዛ ይዞ ለሥራ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ሩቅ ሳንሄድ የምናየው ነገር አለ። ደላላው «እዚያ ስትደርስ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየርልሃል» ይላል። የማይቀየር ቢሆንስ? ደመወዝ ቢከለከል፣ ቢታመም፣ ቢደበደብ፣ አቤት ለማለት አፍ የለውም፤ አቤት ሲል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ሠፈሮች ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት ከ250 የሚበልጡ የውጭ አገር ሰዎች መካከል ከግማሽ የማያንሱት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚያ ሠፈሮች ከገቡት ብዙዎቹ የኮምፒዩተርና የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ ተብለው ታይላንድ የደረሱ ናቸው። የተማሩ ልጆች ናቸው እኮ፤ ቋንቋ የሚችሉ። ያልጠየቁት፣ አሠሪው ማን ነው፣ ቪዛውስ በምን ስም ተሰጠ የሚለውን ነው።

ቪዛ ለመጠየቅ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለሼንገን የሚያመለክት ሰው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይችላል፤ ቢያንስ ግን 15 ቀን ሲቀረው ማስገባት አለበት። በሕጉ የተለመደው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ጊዜው 45 ቀን እንዲሆን፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወስኗል። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ የቀሩትን ሰዎች በመመለስ ረገድ ከመንግሥታችን በቂ ትብብር አላገኘሁም የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ ሊለወጥ ስለሚችል በማመልከቻ ጊዜ ኤምባሲውን መጠየቅ ይገባል። የሆነ ሆኖ መሥሪያ ቤቱ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሄዳለህ» ቢለው፣ ሠራተኛው አይሆንም ለማለት እንዳያፍር። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

ወረቀቶቹን በተመለከተ ሁለት የእኛ አገር ጣጣዎች አሉ፤ ስምና ዘመን።

ስማችን በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ፀሐይ የምትባል ልጅ በፓስፖርቷ በአንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማዋ በሌላ፣ በደመወዝ ማስረጃዋ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፋ ትገኛለች። እኛ ስናየው ያው ፀሐይ ነው፤ የውጭው ሰው ሲያየው ሦስት ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አዲስ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይከተል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታም የአባት ይሁን የአያት ብሎ መከራከር የለም፤ በፓስፖርቱ በዚያ ቦታ የሠፈረው ይጻፍ።

ዘመኑ ደግሞ ይብሳል። በፈረንጅ 2003 የተወለደ ልጅ አለ እንበል፤ ፓስፖርቱ ይህንኑ ይላል። መሥሪያ ቤቱ «ከ2015 ጀምሮ ሠራተኛችን ነው» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ጻፈለት፤ ዓ.ም. የሚለውን እንግሊዝኛው ላይ ረሳው። ቆንሲሉ ሲያነበው ልጁ በ12 ዓመቱ ፋብሪካ ተቀጠረ! ይህ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ደብዳቤ ከተጠረጠረ ሌሎቹም ይጠረጠራሉ። በውጭ ቋንቋ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

የአሠሪው ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙን፣ የጉዞውን ምክንያት፣ ወጪውን የሚችለውን ወገንና ሲመለስ ሥራው እንደሚጠብቀው ይግለጽ። የጋባዡ ደብዳቤም ይህንኑ በበኩሉ ይበል። አንዱ ስምንት ሳምንት፣ ሌላው ሦስት ወር ካለ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ተጣሉ ማለት ነው። የባንኩን ሒሳብ በሚመለከትም፣ ከዘመድ ተበድሮ በማመልከቻው ዋዜማ ገንዘብ ማስገባት የትም አያደርስም። የስድስት ወሩ ዝርዝር ሲታይ ገንዘቡ መቼ እንደገባ በግልጽ ይታያል። ትንሽ ደመወዝ በየወሩ የገባበት ደብተር ይሻላል።

እንግዲህ ዕድሩ ይጻፍ ስለሚባለው ደብዳቤ። ኮሚቴው እውነት የሆነውን መጻፍ ይችላል፤ ሰውየው ከዚህ ዓመት ጀምሮ አባል ነው፣ መዋጮውን ይከፍላል፣ ነዋሪነቱ በዚህ ቀበሌ ነበር፣ አሁን በዚህ ወረዳ ነው የሚል። ከዚህ ያለፈ ግን አይሆንም። ሆኖ የማያውቀውን «የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነው» ብላችሁ ጻፉልን የሚሉ አሉ። «በእርግጥ ይመለሳል» ብላችሁ ጻፉም የሚሉ አሉ፤ ይህንን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። የሐሰት ደብዳቤ ለልጁም አይበጀውም። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት በዋና ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ያታለለ ሰው ለዕድሜ ልኩ የመግባት መብቱን ሊያጣ ይችላል። የሼንገን አገሮችም የአመልካቾችን መረጃ በጋራ መዝገብ ለ5 ዓመት ያቆያሉ፤ አንዱ ጋ የተነቃበት ሌላው ጋ ይታያል። በእኔ አስተያየት የዕድር ደብዳቤ በቆንሲል ፊት ያን ያህል ክብደት የለውም። የሥራ፣ የደመወዝና የቤተሰብ ማስረጃ ይበልጠዋል። ማኅተማችን ግን ለእኛ ክብደት አለው፤ ነገ ለእውነተኛ ጉዳይ ስንመታው እንዲታመን እንፈልጋለን።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር እመጣለሁ፤ ስለ ዋስ።

መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ወደ ውጭ ሲልክ የግዴታ ውል ያስፈርማል። ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ ላያገለግል ወይም ጭራሹን ሊቀር ስለሚችል፣ የወጣበትን ገንዘብ የሚከፍል ዋስ ይጠራበታል። ዋሱ ማን ነው? ጎረቤት ነው፤ የዕድር ጓደኛ ነው። በለቅሶ ቤት አብሮ ያደረን ሰው እንቢ ማለት ይከብዳል። ያ ልጅ ቢቀር ግን ጎረቤቱ ከደመወዙና ከጡረታ ዘመን ጥሪቱ ሊከፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ድንኳን ሥር ለመቀመጥ ይቸገራሉ። ይህ ለዕድር ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋስ መሆን ነውር ነው አልልም፤ ያለ ዋስ ስንቱ ልጅ ዕድሉ ያመልጠው ነበር። ነገር ግን አንብባችሁ ፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922፣ ዋስትናው የሚደርስበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ስለዚህ «ለደረሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ውል ሲቀርብላችሁ፣ ስንት ብር ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩም በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» ይል እንደሆነ ተመልከቱ። እንዲህ ብሎ የፈረመ ዋስ፣ ባለ ዕዳው አስቀድሞ ሳይጠየቅ እርሱ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል። ተራ ዋስ የሆነ ግን በመጀመሪያ የባለ ዕዳው ንብረት ይታይልኝ ለማለት መብት አለው። ሁለት ቃል ናት፤ ልዩነቷ ግን የቤት ዕቃ እስከ መሸጥ ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ይጻፍ፤ ልጁ ተመልሶ ይህን ያህል ወር ካገለገለ በኋላ ዋሱ ነጻ ነው ተብሎ።

ባለትዳሮች ደግሞ ይህን ስሙኝ። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከ100 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ አንቀጽ 68 ነው። መቶ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ስለዚህ ይህ ሕግ የማይነካው ዋስትና የለም ማለት ይቻላል። ባል ለሚስቱ ሳይነግር፣ ሚስትም ለባሏ ሳትነግር ፈርመው ነገሩ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ጋራ ቤት ሲገባ የሚሆነውን የሽምግልና ኮሚቴያችን አባላት ያውቁታል፤ እኔ አልዘረዝረውም።

የመጨረሻው የእናትየው ጥያቄ ነው፤ ክፉ ቢመጣ ማን ያመጣልኛል? ሞት ሲነሣ እንዲህ ባለው የደስታ ጉዞ መካከል አይወሩት የምትሉ ትኖራላችሁ። ዕድር ይህን ካላወራ ማን ያውራው?

የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የጉዞ መድን መግዛት አለበት። መድኑ ከ30 ሺህ ዩሮ ያላነሰ ሆኖ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታልን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ በሞት ጊዜም የሚመጣውን ወጪ የሚሸፍን እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ለቆንሲሉ ማሳያ ብቻ አድርጎ በርካሽ ይገዛና ሳያነበው ሻንጣ ውስጥ ይከተዋል። ቁጥሩንና የሚደወልበትን ስልክ ቤተሰቡ ሊያውቀው ይገባል፤ እርሱ ራሱ መደወል የማይችልበት ቀን ነውና መድኑ የሚያስፈልገው። ልብ በሉ፤ መድኑ የሚያገለግለው ለተገዛበት ቀን ብቻ ነው። ቀኑ አልፎ የቀረ ሰው ያለ ቪዛ ብቻ ሳይሆን ያለ መድንም ቀረ ማለት ነው። በውጭ አሠሪ የሚቀጠር ሰውም፣ አሠሪው የሚገባለት መድን ሞትንና አስከሬን መመለስን መጨመሩን ከመፈረሙ በፊት ከውሉ ላይ ያንብብ።

የዕድራችን ደንብ ለቀብር የሚሰጠው ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ ከባሕር ማዶ አስከሬን ለማምጣት ታስቦ የተመደበ አይደለም። ለሣጥኑ፣ ለአውሮፕላኑ፣ ለሐኪምና ለኤምባሲ ወረቀቱ የሚወጣው ብዙ ነው። ያኔ መዋጮ እንለምናለን፤ አባሉም አይጨክንም። ግን አስቀድሞ በመድን ሊሸፈን የሚችለውን በለቅሶ ቤት በሰሐን መሰብሰብ ለሟቹም ለቤተሰቡም ክብር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ሥራ የሚሄድ አባል ወይም የአባል ልጅ፣ ከመነሣቱ በፊት የፓስፖርቱንና የቪዛውን ገጽ ግልባጭ፣ የመድኑን ቁጥር፣ የአሠሪውንና የጋባዡን ስልክ በፖስታ አሽጎ ለጸሐፊው እንዲሰጥ ኮሚቴው ወስኗል። ፖስታው ሳይከፈት ይቀመጣል፤ ሲመለስ ራሱ ይወስደዋል። ቤት፣ ባንክ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ለሚያምነው ሰው ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርቦ ይስጥ፤ ለዘመድ በስልክ የሚነገር አደራ ባንክ አይቀበለውም። ወርኃዊ መዋጮውን በስሙ የሚከፍልለትን ሰውም ያስመዝግብ፤ ውጭ አገር ነበርኩ ማለት ውዝፍን አያስቀርም። ጸሐፊው ዘወትር እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቢሮ ይገኛሉ። የዋስትና ውል ለመፈረም የተጠየቃችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ብትመጡ፣ በአባላችን ካሉት የሕግ ዐዋቂዎች ጋራ ሆነን በነጻ እናነብላችኋለን።